የታፔላ ሥራ በየትኛው የቬክተር ፕሮግራም ይሠራ? ኮረል ድሮው፣ ኢሉስትሬተር፣ ኢንክስኬፕና አፊኒቲ ሲመዘኑ

ታፔላ የሚሠራ ሰው ለመጽሔት ወይም ለማኅበራዊ ሚዲያ ከሚሠራ የግራፊክስ ባለሙያ የሚለየው፣ ዛሬ በኮምፒውተር የሣለው መስመር ነገ ምላጭ የሚሄድበት፣ ሌዘር የሚያቃጥለው ወይም ራውተር (በሚሽከረከር ስለት የሚቀርጽ ማሽን) የሚቀርጸው እውነተኛ መንገድ ስለሚሆን ነው። ማያ ገጹ ላይ እንከን የማይወጣለት ሥራ አክሪሊክ ላይ ሲወርድ በ2 ሚሊሜትር ቢዛነፍ የፊደሉ ፊት ከጎኑ ጋር አይገጥምም፤ ቁሳቁሱም አንዴ ከተቆረጠ መመለሻ የለውም። ስለዚህ «የትኛው ፕሮግራም ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ በዚህ ሙያ ሲነሣ መልሱ በሌላው የግራፊክስ ሥራ ከሚሰጠው መልስ ይለያል። ብዙ ጊዜ የምንሰማው ንጽጽር ስለ ብሩሽ፣ ስለ ጥላና ስለ ማራኪ ገጽታ የሚያወራ በመሆኑ፣ የመጀመሪያውን የስቲከር ካተር (መቁረጫ ማሽን) ገዝቶ ሱቅ ለሚከፍት ሰው እምብዛም አይጠቅመውም።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ሥራውን ለሚጀምሩ፣ ከአንዱ ፕሮግራም ወደ ሌላው ለመሻገር ለሚያስቡ፣ እንዲሁም ለሠራተኞቻቸው ፕሮግራም ለሚገዙ የማስታወቂያ ቤት ባለቤቶች ነው። የሚመዘኑት አራት የቬክተር ፕሮግራሞች፣ ማለትም ሥዕልን በነጥብና በመስመር የሚይዙ ፕሮግራሞች ሲሆኑ፣ መጀመሪያ ግን መመዘኛዎቹን መለየት ያስፈልጋል።

## መመዘኛዎቹ

እውነተኛ ልክ። የአንድ ሱቅ ታፔላ 3 ወይም 4 ሜትር ሊሆን ይችላል፤ በሕንፃ ግንባር ላይ የሚወጣው ደግሞ 12 ሜትርና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ፕሮግራሙ ይህን ስፋት በአንድ ለአንድ ልክ ይዞ ሊያሠራ ይችላል ወይስ በ1 ለ10 ማሳነስ ግድ ይሆናል? ማሳነስ በራሱ ችግር የለውም፤ ነገር ግን ፋይሉ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ልኩ ያነሰ መሆኑን የሚናገር ሰው ካልተገኘ ኪሳራው የሚታወቀው ከተቆረጠ በኋላ ነው።

ከልክ ጋር የተያያዘው ሌላው አደጋ ብዙ ሰው የማያውቀው በመሆኑ ትንሽ ላብራራው። አንድ ጊዜ ለመስታወት በር የሚለጠፍ፣ 1 ሜትር ርዝመት ያለው ጽሑፍ በኢሉስትሬተር አዘጋጅቼ በኤስቪጂ ፋይል (ብዙ ፕሮግራሞች የሚለዋወጡት የቬክተር ፋይል ዓይነት) ለአንድ ቆራጭ ቤት ላክሁ፤ እነርሱም በኢንክስኬፕ ከፍተው ቆረጡት። ስቲከሩ ሲመጣ ርዝመቱ 75 ሴንቲሜትር ነበር። ምክንያቱን ስንፈልግ ያገኘነው ቀላል ነገር ነው፤ ኢሉስትሬተር የኤስቪጂ ፋይል ሲያወጣ አንድን ኢንች 72 ነጥብ አድርጎ ይቆጥራል፣ ኢንክስኬፕ ደግሞ 96 አድርጎ ያነብባል፣ በዚህም ልኩ በትክክል ወደ ሦስት አራተኛ ይወርዳል። ኢንክስኬፕ ራሱም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጣው 0.92 ቅጂው በፊት በ90 ይቆጥር ስለነበር፣ ያኔ የተሠራ የ120 ሴንቲሜትር ሥራ ዛሬ ሲከፈት ፕሮግራሙ የሚያቀርበው ጥያቄ ሳይነበብ ከታለፈ 112.5 ሴንቲሜትር ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ከዚያ ቀን ወዲህ በማንኛውም ፋይል ጥግ ላይ ልኩ የታወቀ፣ ለምሳሌ 10 ሴንቲሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ሳላስቀምጥ አልክም፤ ተቀባዩ እርሱን ለክቶ ልክ መሆኑን ሲያረጋግጥ ብቻ ወደ መቁረጥ ይሄዳል።

ንጹሕ መስመር። ካተርም ሆነ ሌዘር የሚከተለው መስመሩንና በመስመሩ ላይ ያሉትን ነጥቦች፣ በተለምዶ ኖድ የምንላቸውን ነው። አንድ ክብ በ4 ኖድ በደንብ ይሠራል፤ ከፎቶ በትሬስ (ፎቶን በራሱ ወደ መስመር በሚቀይረው መሣሪያ) የተገኘ ተመሳሳይ ክብ ግን 50 እና 60 ኖድ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ምላጩ በእያንዳንዱ ኖድ አቅጣጫውን ስለሚያስተካክል ጠርዙ ይንቀጠቀጣል፤ በጣት ሲዳሰስም እንደ መጋዝ ጥርስ ይሻክራል።

በአማርኛ ፊደል ላይ ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። «የሴቶች ልብስ» የሚለውን ጽሑፍ በ3 ሴንቲሜትር ቁመት በስቲከር ሲቆርጡ የ«ሴ» እግር ላይ ያለችው ቀለበት ውስጧ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው። ቆርጠው ትርፉን በወረንጦ ሲያነሡ፣ መስመሩ የተዝረከረከ ከሆነ ቀለበቷ ሙሉ በሙሉ ሳትቆረጥ ትቀርና ከትርፉ ጋር አብራ ትነሣለች፤ የቀረችው ቁራጭ ደግሞ ፊደሉን «ሲ» ታስመስለዋለች። ደንበኛው መስታወቱ ላይ «የሲቶች ልብስ» ይነበብለታል። ኖድ መቀነስ፣ መስመር ማለስለስ፣ የተደራረቡ ቅርጾችን አንድ ማድረግ እና ቅርጽን በተወሰነ ርቀት ወደ ውጭ ማስፋት የሚባሉት አራት ሥራዎች በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚከናወኑ ማየት፣ ሌሎቹን ጌጣጌጦች ሁሉ ከማየት ይቀድማል።

የግዕዝ ፊደል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 (ለዓለም ፊደላት ሁሉ የጋራ የኮምፒውተር መለያ ቁጥር የሚሰጥ ደረጃ) ውስጥ ከተካተተ ወዲህ፣ እንደ ዓረብኛ እርስ በርሱ የማይቀጣጠልና ከግራ ወደ ቀኝ የሚጻፍ በመሆኑ፣ ከአራቱ ፕሮግራሞች በአንዱም ላይ ልዩ ችሎታ አይጠይቅም። እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ያለ የዩኒኮድ ፎንት ከተመረጠ በኋላ ሁሉም ይጽፋሉ። ፎንቱ ሳይመረጥ ከተጻፈ ግን በፊደሉ ፋንታ ባዶ ሳጥን ሊወጣ ይችላል፤ ይህ የፕሮግራሙ ድክመት ተደርጎ መታየት የለበትም።

እውነተኛው ችግር ያለው በድሮዎቹ ፎንቶች ላይ ነው። ከዩኒኮድ በፊት በተለመደው አሠራር የተዘጋጁት የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀመጡ ናቸው። በእነዚህ የተጻፈ ሥራ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ድርድር ሆኖ ይታያል። በብዙ ማስታወቂያ ቤቶች የዓመታት ሥራ የተከማቸው በእነዚሁ ፎንቶች ስለሆነ፣ ፕሮግራም ለመቀየር የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የሚያስፈልጉትን ፋይሎች ጽሑፍ ወደ መስመር ቀይሮ፣ ሊታረም የሚችለውን ቅጂ ደግሞ ለብቻ ሊያስቀምጥ ይገባል። ጽሑፍን ወደ መስመር የሚቀይረው ትዕዛዝ በኮረል ድሮው ኮንትሮልና ኪው፣ በኢሉስትሬተር ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኦ፣ በኢንክስኬፕ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ሲ፣ በአፊኒቲ ደግሞ ኮንትሮልና ኢንተር ነው።

ከፊደል ሳንወጣ አንድ ልዩነት ልጨምር። አማርኛን ከእንግሊዝኛ ወይም በላቲን ከሚጻፈው አፋን ኦሮሞ ጋር ጎን ለጎን ስናስቀምጥ የፎንት መጠኑ እኩል ቢሆንም የሚታየው ቁመት እኩል አይሆንም፤ ስለዚህ «ፊደሉ 20 ሴንቲሜትር ይሁን» ሲባል የሚለካው ቅርጹ ራሱ እንጂ የፎንት መጠኑ አይደለም። ኮረል ድሮውና ኢንክስኬፕ ጽሑፉን ስንመርጥ የሚያሳዩት ልክ የፊደሉን ቅርጽ የተከተለ ነው። በኢሉስትሬተርና በአፊኒቲ ግን በጽሑፉ ዙሪያ የሚታየው ሳጥን ከፊደሉ በላይና በታች ክፍት ቦታ ስለሚጨምር፣ ትክክለኛውን ቁመት ለማግኘት መጀመሪያ ወደ መስመር መቀየር ይቀላል።

ወደ ማሽኑ መድረስ። ፋይሉ ከፕሮግራሙ ወጥቶ ካተር፣ ሌዘር፣ ራውተር ወይም የባነር ማተሚያ ጋ እንዴት ይደርሳል? በመካከል ስንት ጊዜ ይለወጣል? እያንዳንዱ ለውጥ ልክ የሚዛነፍበት፣ ክብ የሚሰባበርበት በር ነው።

ፋይል መለዋወጥ። ደንበኛ የሚያመጣው ምን ዓይነት ፋይል ነው? ሥራውን የሚያግዝ ሌላ ቤትስ ምን ይጠይቃል?

ቀለም የሚያሳስበው በዋናነት ባነርና ስቲከር ለሚያትሙ ነው። ስቲከር እየቆረጠ ብቻ የሚሠራ ሰው ቀለሙን የሚመርጠው ከጥቅሉ ስለሆነ ይህን መመዘኛ ሊያልፈው ይችላል።

ዋጋና አከፋፈል ከሌሎቹ ተነጥሎ የሚታይ አይደለም። ዋጋው በዶላር ነው፤ አንዳንዱ አንዴ ይከፈላል፣ አንዳንዱ በየወሩ ወይም በየዓመቱ።

## ኮረል ድሮው

በካናዳ ኦታዋ የተመሠረተው ኮረል ይህን ፕሮግራም ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1989 ሲሆን፣ ድርጅቱ በ2022 ስሙን ወደ አሉዶ ቢቀይርም የፕሮግራሙ ስም አልተቀየረም። በአገራችን የታፔላና የስቲከር ቤቶች «ፋይሉን በኮረል አምጣው» መባሉ የተለመደ ነው፤ ይህም በልማድ ብቻ የመጣ አይመስለኝም።

የመጀመሪያው ምክንያት ልክ ነው። አንድ ገጽ እስከ 45.72 ሜትር በ45.72 ሜትር ድረስ በአንድ ለአንድ ልክ ሊከፈት ስለሚችል የ12 ሜትሩ ግንባር ያለ ማሳነስ ይሠራል። ሁለተኛው ምክንያት ከማሽን ጋር ያለው ቅርበት ነው። የማሽኑ ድራይቨር ኮምፒውተሩ ላይ ከተጫነ ብዙ ካተሮችና ሌዘሮች እንደ ተራ ማተሚያ ይታያሉ፤ መስመሩን እጅግ ቀጭን ወደሆነው ሄርላይን ቀይሮ «ፕሪንት» ማለት ብቻ ይበቃል። የሮላንድና የግራፍቴክ ካተሮች ለኮረል ድሮው የተዘጋጀ ተጨማሪ መሣሪያ አላቸው፤ በብዙ የቻይና ሌዘሮች የሚሠራው አርዲ ወርክስም ከኮረል ድሮው ጋር የሚያገናኝ ተጨማሪ አለው። በመካከል የፋይል ለውጥ ባነሰ ቁጥር ቀደም ሲል የጠቀስኩት የ75 ሴንቲሜትር ዓይነት ስህተት ይቀንሳል።

መስመር ማጽዳቱም ምቹ ነው። የተደራረቡትን የሚያዋህደው ዌልድ፣ ጠርዝ የሚያሰፋው ኮንቱር፣ ኖድ የሚቀንሰው መሣሪያ ሁሉም በአንድ ወይም በሁለት ጠቅታ ይገኛሉ፤ ትሬስ የሚያደርገው ፓወር ትሬስም ስንት ኖድ እንደሚወጣ ከመቀበላችን በፊት ስለሚያሳየን ቁጥሩን ዝቅ አድርገን መወሰን እንችላለን። ለቻናል ሌተር (ፊትና ጎን ላለው ወፍራም የታፔላ ፊደል) የአክሪሊክ ፊት ሲዘጋጅ የሚያስፈልገው ጥቂት ሚሊሜትር ጭማሪ በኮንቱር ቁጥር ገብቶ ይሠራል።

ድክመቱ የፋይሉ ቅጂ ነው። በአዲስ ቅጂ የተቀመጠ የሲዲአር (የኮረል ድሮው የራሱ) ፋይል በአሮጌው አይከፈትም፤ አንዱ ቤት በአዲሱ፣ ሌላው ከአሥር ዓመት በፊት በወጣው ቅጂ ስለሚሠራ፣ ፋይል ከመላክ በፊት «በየትኛው ቅጂ ላስቀምጠው?» ብሎ መጠየቅ የዘወትር ግዴታ ነው። የማክ ኮምፒውተር ላለውም ቢሆን ፕሮግራሙ ከብዙ ዓመታት በኋላ የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው፤ የካተርና የሌዘር ድራይቨሮች ግን በአብዛኛው ለዊንዶውስ የተሠሩ ስለሆኑ በማክ ላይ ዋናው ጥቅሙ ይቀንሳል።

ለረጅም ዘመን በአንድ ጊዜ ግዢ ሲሸጥ ቆይቶ በኋላ የዓመት ምዝገባ ተጨምሮበታል፤ ሙሉው ጥቅል ብዙ መቶ ዶላር ያስወጣል። በገበያችን በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው ክራክ የተደረገ (የፈቃድ ጥበቃው የተሰበረ) ቅጂ ዋጋ የሌለው ይመስላል፤ ነገር ግን ከቫይረስ ጋር መምጣቱ የተለመደ ነው፣ ሕጋዊ ያልሆነ ቅጂ መሆኑ ሲታወቅም ፋይል ማስቀመጥና ማተም ሊከለከል ይችላል። ይህ የሚሆነው ደንበኛ ሱቁን ነገ ሊመርቅ ሲጠብቅ ከሆነ ጉዳቱ ከፕሮግራሙ ዋጋ ይበልጣል። ሰው ለሠራው ሥራ መክፈልም በዲዛይን ለምንኖር ሰዎች የራሳችን ጉዳይ ነው።

## ኢሉስትሬተር

አዶቢ ኢሉስትሬተርን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ሎጎ የሚሠሩ ባለሙያዎችና የማስታወቂያ ኤጀንሲዎች በብዛት የሚገለገሉበት ስለሆነ፣ የባንክ፣ የአየር መንገድ ወይም የትልቅ ድርጅት ሎጎ ይዞ የሚመጣ ደንበኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጣው የኤአይ (የኢሉስትሬተር የራሱ) ወይም የፒዲኤፍ ፋይል ነው። ከእነዚህ ጋር የሚሠራ ቤት ፋይሉን በተወለደበት ፕሮግራም ቢከፍት ቀለሙም ቅርጹም ሳይዛባ ያገኘዋል።

ሁለተኛው ጥንካሬው ቀለም ነው። ስፖት ቀለምን (በስም ተለይቶ የሚያዝ ቀለምን) እና ሲኤምዋይኬን (የማተሚያ አራቱን ቀለሞች) በሚገባ ይይዛል፤ አትሞ ወዲያው የሚቆርጥ ማሽን ያለው ቤት የመቁረጫውን መስመር በተለየ የስፖት ቀለም ስም ለማሽኑ ያሳውቃል። ለምሳሌ የሮላንዱ ቨርሳ ወርክስ ካት ኮንቱር የሚል ስም የተሰጠውን ቀለም እንደ መቁረጫ መስመር ያነባል። ቅርጹን ተከትሎ የሚቆረጥ የታተመ ስቲከር ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

በልክ በኩል ለብዙ ዓመታት ገጹ ከ5.78 ሜትር ገደማ አያልፍም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 የመጣው ማሻሻያ እስከ 57 ሜትር ድረስ የሚደርስ ሰፊ የሥራ ገጽ ስለጨመረ ችግሩ ቀልሏል፤ ይሁን እንጂ ይህ ሰፊ ገጽ በውስጡ በ1 ለ10 የሚሠራ በመሆኑ ፋይሉ ወደ ሌላ ፕሮግራም ሲሄድ ልኩን መለካት አይቀርም። የሲዲአር ፋይል መክፈትን በተመለከተ የሚያነበው እስከ 10ኛው ቅጂ ድረስ የተቀመጡትን ብቻ ነው፤ ዛሬ በእጃችን ያሉት ፋይሎች አብዛኞቹ ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ናቸው።

አዶቢ እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ አዳዲስ ቅጂዎችን በአንድ ጊዜ ግዢ አይሸጥም። በአሜሪካ ዋጋ ኢሉስትሬተር ለብቻው በዓመት ውል በወር 23 ዶላር አካባቢ ሲሆን፣ በዓመት 276 ዶላር ይሆናል። ዶላር በ57 ብር አካባቢ በነበረበት ጊዜ ይህ 16 ሺህ ብር ገደማ ነበር፤ ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ተመኑን ለገበያ ከለቀቀ በኋላ ዶላር ከ120 ብር ሲያልፍ ያው ምዝገባ ከ33 ሺህ ብር በላይ ሆነ። ፕሮግራሙ አልተለወጠም፣ የደንበኛው የመክፈል አቅምም በዚያው ልክ አላደገም። ክፍያው በውጭ ምንዛሬ ካርድ የሚፈጸም መሆኑና ፕሮግራሙ ፈቃዱን በየጊዜው በኢንተርኔት የሚያረጋግጥ መሆኑም ከግምት ሊገባ ይገባል፤ ምዝገባው ሲቋረጥ ሥራው ይቆማል። ኮምፒውተሩም ቢያንስ 8፣ ቢቻል 16 ጊጋባይት ራም ይፈልጋል።

## ኢንክስኬፕ

ኢንክስኬፕ እ.ኤ.አ. በ2003 ሶዲፖዲ ከሚባል ፕሮግራም ተነጥሎ የተጀመረ፣ በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ ነጻ ፕሮግራም ነው። በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ይሠራል፤ ክፍያ፣ ምዝገባ፣ የፈቃድ ማረጋገጫ የለውም። ኢንተርኔት ከሌለ እንኳ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው በፍላሽ ወስዶ መጫን ፍጹም ሕጋዊ ነው፤ ጀማሪን ክራክ ከመፈለግ የሚገላግለው ዋነኛ ምክንያትም ይህ ነው።

መስመር ላይ ያለው ችሎታ ከሚገመተው በላይ ነው። ዩኒየን (ማዋሃጃ)፣ ዲፈረንስ (መቀነሻ) እና ኖድ ማቅለያ ሁሉም አሉት፤ የኖድ አያያዙ ግልጽ በመሆኑ እኔ ተማሪ ሳሠለጥን የምጀምረው በእርሱ ነው። የሌላውን ሰው የሲዲአር ፋይል ለመክፈት መቻሉም ለአነስተኛ ቤት ትልቅ እፎይታ ነው፤ ሁሉንም ነገር በትክክል ባያሳይም ሎጎውንና መስመሩን ለማውጣት ይበቃል። ለካተር የሚሆን የፒኤልቲ፣ ለራውተር የሚሆን የዲኤክስኤፍ ፋይል ያወጣል። ዲኤክስኤፍ ሲወጣ ግን ክብ መስመር ወደ ተሰባበሩ ቀጥታ መስመሮች ሊቀየር ስለሚችል፣ ትልቅ ፊደል በራውተር ከመቀረጹ በፊት ጠርዙን አጉልቶ ማየት ያስፈልጋል።

ትልቁ ጉድለቱ ቀለም ነው። የሚሠራው በአርጂቢ (በማያ ገጽ የቀለም ሥርዓት) ስለሆነ ለባነር ማተሚያ የሚሄድ ፋይል ቀለሙ የሚተረጎመው በማተሚያው ፕሮግራም ነው፤ የድርጅቱ ቀይ እንደ ተባለው እንዲወጣ የሚጠይቅ ደንበኛ ካለ ይህ አያስኬድም። ብዙ ገጽ በአንድ ፋይል መያዝ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው 1.2 ቅጂ ነው። ብዙ ሺህ ኖድ ያለው ከባድ ሥራ ላይም ይዘገያል።

## አፊኒቲ

የእንግሊዙ ሰሪፍ አፊኒቲ ዲዛይነርን እ.ኤ.አ. በ2014 ለማክ፣ በ2016 ለዊንዶውስ አወጣ፤ አንዴ ተከፍሎ የሚያልቅ በመሆኑ ከምዝገባ የሸሹ ብዙ ባለሙያዎችን አተረፈ። በ2024 ካንቫ ድርጅቱን ከገዛው በኋላ፣ በጥቅምት 2025 የዲዛይን፣ የፎቶና የገጽ ቅንብር ፕሮግራሞቹ በአንድ ላይ ተዋህደው አፊኒቲ በሚል ስም በነጻ ቀረቡ፤ የሚጠየቀው የካንቫ አካውንት ብቻ ነው።

ሲኤምዋይኬንና ስፖት ቀለምን ይይዛል፤ ፍጥነቱ ደስ ይላል። ለባነርና ለታተመ ስቲከር ዲዛይን ገንዘብ ለሌለው ሰው ከኢንክስኬፕ ይልቅ ይህ ይሻለዋል ብዬ አምናለሁ። ለዓመታት ይጎድለው የነበረው ትሬስም በአዲሱ ቅጂ ተጨምሯል።

ለታፔላ ግን ሁለት ነገር ይጎድለዋል። ከካተርና ከሌዘር ጋር በቀጥታ የሚያገናኝ የተለመደ መሣሪያ ስለሌለው በኤስቪጂ፣ በኢፒኤስ ወይም በፒዲኤፍ አውጥቶ በማሽኑ ፕሮግራም መክፈት ግድ ይሆናል። የሲዲአር ፋይልም አይከፍትም፤ ፋይል ሁሉ በኮረል በሚዞርበት ገበያ ይህ በየቀኑ የሚያጋጥም እንቅፋት ነው። የኤአይ ፋይል የሚከፍተውም በውስጡ ፒዲኤፍ ተካትቶ ከተቀመጠ ብቻ ነው።

ከአራቱ ውጭ ያለው ፍሌክሲ ለታፔላ ተብሎ የተሠራ፣ ዲዛይንን፣ ማተምንና መቁረጥን በአንድ የያዘ ፕሮግራም ነው። ብዙ ማሽን ላለው ትልቅ ቤት እንጂ ለጀማሪ አልመክረውም፤ አንዳንድ ጊዜ ከማሽን ጋር አብሮ የሚመጣ ከሆነ ግን ሳይጠቀሙበት መተው ያሳዝናል።

## ባጭሩ ሲታይ

| መመዘኛ | ኮረል ድሮው | ኢሉስትሬተር | ኢንክስኬፕ | አፊኒቲ |
|---|---|---|---|---|
| ትልቅ ልክ በአንድ ለአንድ | በጣም ጥሩ፣ እስከ 45.72 ሜትር | ጥሩ፣ ሰፊው ገጽ በውስጡ በ1 ለ10 ይሠራል | ጥሩ፣ ከሌላ ፕሮግራም የመጣ ኤስቪጂ ይለካ | ጥሩ |
| መስመር ማጽዳት | በጣም ጥሩ | ጥሩ | በጣም ጥሩ | ጥሩ |
| የፊደል ቁመት መለካት | በቀጥታ | ወደ መስመር ከተቀየረ በኋላ | በቀጥታ | ወደ መስመር ከተቀየረ በኋላ |
| ወደ ካተርና ሌዘር | በቀጥታ | በተጨማሪ መሣሪያ | በፒኤልቲና በዲኤክስኤፍ | በሌላ ፕሮግራም በኩል |
| የሲዲአር ፋይል መክፈት | ይከፍታል፣ ቅጂው ይታይ | በጣም የቆዩትን ብቻ | በከፊል | አይከፍትም |
| የማተሚያ ቀለም | ጥሩ | በጣም ጥሩ | ደካማ | ጥሩ |
| አከፋፈል | የአንድ ጊዜ ግዢ ወይም የዓመት ምዝገባ | ምዝገባ ብቻ | ነጻ | ነጻ፣ በካንቫ አካውንት |

## ለማን የትኛው?

አንድ ካተርና አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ይዞ ለሚጀምር፣ ሥራውም የመስታወት ጽሑፍና የመኪና ስቲከር ለሆነ ሰው ኢንክስኬፕ ይበቃዋል። የሚያድነው ገንዘብ ጥሩ ምላጭና ጥራት ያለው ስቲከር ቢገዛበት ሥራው ላይ የሚታየው ለውጥ ይበልጣል። ማሽኑን ከመግዛቱ በፊት ግን ከማሽኑ ጋር የሚመጣው ፕሮግራም የፒኤልቲ ወይም የኤስቪጂ ፋይል መቀበሉን ሻጩ ፊት ለፊት እንዲያሳየው ይጠይቅ።

ካተር፣ ሌዘርና ራውተር ኖሮት ከብዙ ደንበኞችና ከሌሎች ቤቶች ፋይል ለሚቀበል መካከለኛ ቤት ኮረል ድሮው ተመራጭ ነው። ሦስት ሠራተኛ ስላለ ሦስት ፈቃድ መግዛት ግን አያስፈልግም፤ ማሽኖቹ በተያያዙበት ኮምፒውተር ላይ አንድ ሕጋዊ ኮረል ድሮው፣ በሌሎቹ ላይ ኢንክስኬፕና አፊኒቲ ቢኖሩ ሥራው ሳይጓተት ወጪው ይቀንሳል። ሠራተኛ በተቀየረ ቁጥር ኮረል የሚያውቅ ሰው ማግኘት እንደማይቸግርም በሥራዬ አይቻለሁ።

የራሱ ማሽን የሌለው፣ ለኤጀንሲዎችና ለትልልቅ ድርጅቶች ዲዛይን እየሠራ ፋይሉን ብቻ የሚያስረክብ ባለሙያ ምዝገባውን ከገቢው መሸፈን ከቻለ ኢሉስትሬተርን ይያዝ። በዶላር የሚከፍለው ደንበኛ ካለው ደግሞ የምንዛሬው ለውጥ ብዙም አይጎዳውም። ባነርና የታተመ ስቲከር ዲዛይን እየሠራ ለሌሎች ቤቶች የሚያሳትም፣ በጀትም የሌለው ወጣት በአፊኒቲ ይጀምር፤ ፋይሉን ጽሑፉ ወደ መስመር በተቀየረ ፒዲኤፍ እስካስረከበ ድረስ ማተሚያ ቤቱ በምን እንደተሠራ አያሳስበውም።

ከፍሎ ለመጠቀም የሚያስብ ሰው ለሙከራ የሚሆን ጊዜ አለው፤ ኮረል ድሮው ለ15 ቀን፣ ኢሉስትሬተር ለ7 ቀን ያለ ክፍያ ይሞከራሉ። በዚያ ጊዜ ውስጥ አንድ የሙከራ ፋይል ያዘጋጁ፤ ጎኑ 50 ሴንቲሜትር የሆነ አራት ማዕዘን፣ በ3 ሴንቲሜትር ቁመት «ሴት»፣ «ቋንቋ»፣ «ፏፏቴ» እና «ጳጉሜን» የሚሉ ቃላት፣ እንዲሁም አንድ ደንበኛ ከስልክ ፎቶ የላከውን ሎጎ በትሬስ ያውጡበት። ይህንን ፋይል በየፕሮግራሙ ሠርተው፣ ዘወትር በሚጠቀሙበት ማሽንና ዘወትር በሚቆርጡት ስቲከር ላይ ያስቆርጡት። ትርፉን በራስዎ እጅ ያንሡና የፊደሎቹ ቀለበቶች ሳይጎዱ መቅረታቸውን ይመልከቱ፤ ከዚያ አራት ማዕዘኑን በሜትር ይለኩ። አራቱም ጎኖች 50 ሴንቲሜትር ካልሆኑ፣ ልኩ የተዛነፈበትን ቦታ ሳያገኙ ለየትኛውም ፕሮግራም ክፍያ አይፈጽሙ።